ለአንድ ማኪያቶ ስንት ዳኛ?

በአዲስ አበባ ዋጋው ያልጨመረ ነገር ቢኖር ምክር ብቻ ነው። ጤፉም፣ ዘይቱም፣ ታክሲውም፣ ኪራዩም ሽቅብ ሄዷል። ምክር ግን እንደ ድሮው በነጻ ነው፤ ያውም ሳይጠሩት ቤት ድረስ ይመጣል።

ምክሩ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ካፌ መቀመጡን ቀንሱት።» «ያቺን የሳልቫጅ ጃኬት ባትገዢያት ምን ይቀርብሽ ነበር?» «እናንተ ልጆች እኮ ሳንቲም እጃችሁ ላይ አይበረክትም!» መድረክ ላይ ማይክ ጨብጦ ስለ ስኬት የሚሰብከው ወንድማችንም፣ ከዱባይ ለእረፍት የመጣችው የአክስት ልጅም፣ የሰፈሩ ባለሱቅም በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ ድሃ ያደረገን ማኪያቶ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። የመንገድ ዳር ጀበና ቡና ሲኒው 30 ብር ነው እንበል። (በ5 ብር ጠጥተን ያደግን ልጆች ይህን ስንጽፍ እጃችን ይንቀጠቀጣል።) በቀን አንድ ሲኒ፣ እሑድ ሳይቀር፣ 365 ቀን፦ 10,950 ብር። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ዲግሪ ይዞ መንግሥት መሥሪያ ቤት ለሚቀጠር ጀማሪ የተቆረጠው ደመወዝ 11,500 ብር ነው፤ ያውም ግብሩና ጡረታው ሳይነሣ። ስለዚህ አንድ ዓመት ሙሉ ጥርሳችንን ነክሰን፣ አንዲት ሲኒ ሳንቀምስ፣ ጓደኛ ሲጠራን «አልችልም» እያልን ብንከርም የምናተርፈው አንድ የጀማሪ ደመወዝ እንኳ አይሞላም። እሱንም አከራያችን «ልጆች፣ እንግዲህ እንደምታዩት ሁሉ ነገር ጨምሯል…» ብለው በጀመሩት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይወስዱታል።

በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን ዘለለ። ያኔ ስንት ማኪያቶ ብንተው ኖሮ ይተርፈን እንደነበር የነገረን መካሪ የለም። መካሪዎቻችን የሚበረቱት ትንሹ ወጪ ላይ ነው። ትንሹ ወጪ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በዓይን ይታያላ! ኪራዩን ማን ያየዋል? ታክሲውን ማን ይቆጥረዋል? ማኪያቶዋ ግን አረፋዋን ደፍታ፣ ከመስታወቱ ጀርባ ቁጭ ብላ፣ ላለፈ ላገደመው ሁሉ ትመሰክርብናለች።

ቁጠባን ጠልተን አይደለም። ዕቁብ የምንጥለው እኛው ነን፤ ክፍለ ከተማችን ግማሽ ስሙን ከቀራንዮ የወሰደ ነውና መከራም እንግዳችን አይደለም። ጠቡ ያለው ኪራይ ከተከፈለ፣ ዕቁብ ከተጣለ፣ ለእናት ከተላከ በኋላ በእጃችን በቀረችው በሃምሳዋ ብር ላይ ነው። ሃምሳዋን ብር ለማን እንዳስረከብን የሚጠይቀን ሕዝብ ብዛቱ!

አማርኛ ለዚህ ሕዝብ ስም አውጥቶለታል፦ ይሉኝታ። ቃሉን ልብ ብላችሁ ስሙት። «ይሉኛል» ከሚለው የመጣ ነው። ማን ነው የሚለው? አይታወቅም። ባለቤቱ ጠፍቶ ንግግሩ ብቻ የቀረ ነገር ነው። ይህ ስም የለሽ «እነሱ» የሚባል አካል ግን ከኮልፌ እፎይታ ገበያ እስከ ቤቴል ድረስ በየመንገዱ ወንበር ተሰጥቶታል። እኛ በእግራችን ቆመን እንታያለን፤ እሱ ተቀምጦ ያያል።

ፍርዱም ግራ ነው። ክረምት ላይ 18 ማዞሪያ ጋ ከሰል ላይ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ገዝተን እየጋጥን ብንሄድ «ሴት ልጅ መንገድ ላይ ትበላለች እንዴ?» ይባላል። እሺ ብለን፣ ሥርዓት ይዘን፣ ካፌ ገብተን ብንቀመጥ ደግሞ ጥያቄው ይከፋል፦ «ከየት አምጥታ ነው? ማን ከፍሎላት ነው?» ወንዶቹ ጓደኞቻችን አባካኝ ይባላሉ፤ በዚያ ያበቃል። እኛ ሴቶቹ ላይ ግን ባለ 80 ብር ማኪያቶ የሥነ ምግባር ምርመራ ያስከፍታል። ከፋዩ ደመወዛችን ሊሆን እንደሚችል በመርማሪዎቹ አእምሮ ውል አይልም። አንዲት ልጅ በራሷ ገንዘብ፣ ለብቻዋ፣ ማንንም ሳትጠብቅ ቁጭ ብላ ኬክ ስትበላ ማየት ለዚህች ከተማ ዛሬም ድንቅ ነው። እየጠበቀች ይመስላቸዋል። «ሰው አለሽ?» ይላል አስተናጋጁ። የለንም ወንድም፤ ኬክ ነው ያለን።

ስለ አስተናጋጅ ከተነሣ «ሌላስ?» የምትባለዋን ቃል ሳናነሣ አንለፋት። በአማርኛ ውስጥ እንደ እሷ ያለ ባለ ሦስት ፊደል ማስፈራሪያ የለም። ሦስት ሆነን ገብተን ሁለት ማኪያቶ እናዛለን። «ሌላስ?» ይለናል። «ለጊዜው በቂ ነው» እንላለን፣ ለጊዜው ብቻ እንዳልሆነ እሱም እኛም እያወቅን። ከዚያ ጨርቁን ይዞ ይመጣና ንጹሑን ጠረጴዛ ይወለውላል። ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ደግሞ ይወለውላል። በአንድ ካፌ (ስሙን ትተነዋል) በአንድ ቁጭታ ጠረጴዛችን አራት ጊዜ ተወልውሏል፤ እንዲያ ያበራ ጠረጴዛ በሕይወታችን አላየንም። በእርግጥ ባለካፌውም ኪራይ አለበት፤ ወንበሩ የሚሸጠው ዕቃ ነው። ግን ባዶ ወንበር ሞልቶ ሳለ መወልወሉ የምን ንግድ ነው?

የሚገርመው ለትንንሽ ደስታ ይህች ከተማ የተፈጠረች መሆኗ ነው፤ ኮልፌ ደግሞ በተለይ። ሰፈራችን ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱበት ነው። (ይህን ሳይናገር ዐሥር ደቂቃ የሚቆይ የኮልፌ ልጅ የለም፤ ተናገርን፣ አለቀ።) እኛን የሚያኮራን ግን እርጥቡ ነው። ዳቦ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ የተጠበሰ ድንች ታጭቆበት፣ ዳጣ ፈሶበት በወረቀት ተጠቅልሎ ሲሰጥ፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጎርሶ ዓይኑ ያላነባ ሰው እርጥብ በላሁ አይበል። ረመዳን ሲገባ ደግሞ አመሻሽ ላይ ሰፈሩ በሙሉ ሳንቡሳ ሳንቡሳ ይሸታል፤ ጿሚውም ያልጿመውም እኩል ይሰለፋል። በዓቢይ ጾም በተራችን የጾም ማኪያቶ እንጠይቃለን፤ በወተት ፋንታ አኩሪ አተር ገብቶባት፣ ማኪያቶ ለመምሰል የምታደርገው ጥረት ራሱ ያሳዝናል፣ እንጠጣታለን። ክረምት ሲወጣ በለስ አለ፣ ሻጩ በቢላዋ ልጦ እጃችን ላይ የሚያስቀምጣት። አንድ ስፕሪስ አዝዞ በሁለት ብርጭቆ የማስቀዳት ጥበብ አለ፤ አቮካዶዋ ለአንደኛችን ብቻ እንዳትሄድ ዓይንን ከብርጭቆው አለመንቀል ነው ሙያው።

ሳልቫጅም አለ። ክምሩን አገላብጦ ከመቶ ልብስ መካከል አንዷን ማግኘት ለእኛ እንደ አደን ነው። ያቺን ጃኬት አጥበን፣ ተኩሰን፣ ፏ ብለን ስንወጣ ሁለት ዓይነት ሰው ያጋጥመናል። አንደኛው «ሳልቫጅ ናት አይደል?» ብሎ ሊያሸማቅቀን ይሞክራል። ሁለተኛው ከቡቲክ ገዝተን መስሎት በአባካኝነት ይከሰናል። ሁለቱን ፊት ለፊት አገናኝተን ተከራከሩ ብንላቸው ደስ ባለን።

ከጦር ኃይሎች የሚነሣው ባቡርስ? በ2008 ሥራ ሲጀምር እስከ መጨረሻው ድረስ በ6 ብር ይወስድ ነበር፤ ታሪፉ ከዚያ ወዲህ ቢጨምርም እንደ መዝናኛ ካያችሁት ርካሽ ነው። ከልደታ በኋላ ሐዲዱ ድልድይ ላይ ይወጣል፤ ሜክሲኮንና ለገሃርን ከላይ እያዩ ማለፍ አለ። አራት ኪሎ ደግሞ በ2014 የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ መግቢያው በነጻ ነው፣ «ሌላስ?» የሚል ሰውም የለበትም።

የትልልቆቻችን ቁጣ ከየት እንደመጣ አይጠፋንም። እናቶቻችን በደርግ ጊዜ ከቀበሌ ሱቅ ስኳር ለመውሰድ ተሰልፈዋል። አባቶቻችን አንድ ጫማ እያስጠገኑ ዓመታት ተራምደውበታል። ዕጦትን ያየ ሰው ልጁ ገንዘብ ሲያወጣ ሲያይ ይደነግጣል፤ ድንጋጤውን በቁጣ ነው የሚገልጸው። ይህን እንረዳለን። ያልገባን ሌላ ነው። እነዚሁ እናቶች ያቺን በሰልፍ ያገኟትን ስኳር ለምን አዋሏት? ለቡና! ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ፈንዲሻ ፈክቶ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በዚያ ሁሉ ችግር መካከል ሦስት ዙር! ማንም ቅንጦት አላለውም። ማንም የዓመቱን የቡና ወጪ አስልቶ «ይህን ብታጠራቅሚ ቤት ትሠሪበት ነበር» አላላቸውም። ቡናው የሰፈሩ ዜና ማሠራጫ ነበር፣ የሐዘኑ መካፈያ ነበር፣ የጠቡ ማብረጃ ነበር።

አሁን እኛ አንድ ክፍል ቤት ለሦስት ተከራይተን፣ ጠዋት ወጥተን ማታ የምንገባ ልጆች፣ ያንን ሦስት ዙር የት እናፍላው? ማንን እንጥራ? የጎረቤታችንን ስም እንኳ የምናውቀው የመብራት ሒሳብ ስንካፈል ነው። ከሥራ መልስ መንገድ ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጠን የምንጠጣት አንዲት ሲኒ የእናቶቻችን ሥርዓት ተቆርጣ፣ ተጨምቃ፣ ዋጋ ተለጥፎባት ነው። በቤት ሲፈላ ባህል፣ በደጅ ሲጠጣ ብክነት የሆነበትን ምክንያት የሚያስረዳን ሰው እስካሁን አላገኘንም።

ነገሩን ትንሽ ብናየው የሚፈረድበት የገንዘቡ መጠን አይደለም። ለዓመት በዓል ዶሮ ተበድሮ መግዛት ክብር ነው። ለሠርግ ዕቁብ አስቀድሞ መውሰድ፣ ለተዝካር ዕዳ መግባት ወግ ነው። ለሌላ ሰው ሆድ የወጣ ገንዘብ ይመሰገናል፤ ለራስ ጉሮሮ የወጣች ሃምሳ ብር ግን ችሎት ትቀርባለች። በዓሉንም ሠርጉንም እንወዳለን፤ ጉርሻውንም አንጠላም። ግን ሺዎቹን በጭብጨባ ያሳለፈ ዳኛ ሃምሳዋ ላይ መዶሻ ሲያነሣ ፍርዱ ሚዛን የለውም።

ደስታን የቅንጦት መዝገብ ላይ ማስፈር የዘመድ ሥራ ብቻም አይደለም። የ1995ቱን የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 ገልጦ ማየት ነው። ሽቶ 100 በመቶ፣ ለስላሳ መጠጥ 40፣ ስኳር 33፣ የልጆች አሻንጉሊትና መጫወቻ 20 በመቶ። አዋጁ ታክሱ የሚጣለው በቅንጦት ዕቃዎች፣ ቢወደዱም ሰው መግዛቱን በማይተዋቸው መሠረታዊ ዕቃዎችና ለጤና ጎጂ በሆኑት ላይ ነው ይላል። አሻንጉሊት ከሦስቱ ከየትኛው ወገን እንደሆነ አንባቢ ይወስን። አዋጁ በ2012 በሌላ ተተክቷል፤ በዚያ ታክስ ያደግን ልጆች ግን አለን። ያው መንግሥት በ2003 የዋጋ ጣሪያ ሲያወጣ ከዳቦ፣ ከሥጋና ከዘይት ጎን ቢራና ለስላሳም ዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ጣሪያው ለአብዛኞቹ በወራት ውስጥ ተነሣ፤ ሆኖም ዝርዝሩን ያዘጋጀው ባለሥልጣን፣ ማንም ይሁን ማን፣ ሰው በዳቦ ብቻ እንደማይኖር ገብቶት ነበር።

በ2019 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ ኖቤል ከተሸለሙት መካከል ሁለቱ፣ አብሂጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ፣ ሞሮኮ ገጠር ውስጥ ስላገኙት አንድ ሰው ጽፈዋል። ተጨማሪ ገንዘብ ብታገኝ ምን ታደርግበታለህ ሲሉት ምግብ እገዛበታለሁ አላቸው። ቤቱ ሲገቡ ግን ቴሌቪዥን፣ ዲሽና የዲቪዲ ማጫወቻ ጠበቃቸው። እንዴት ነው ነገሩ ቢሉት እየሳቀ ቴሌቪዥን እኮ ከምግብ ይበልጣል ብሎ መለሰላቸው። ሥራ የሚገኘው ከዓመቱ በጥቂቱ ወራት ብቻ በሆነበት መንደር ቀኑ እንዴት ይገፋል? የእኛ አበው ይህን ለማወቅ ሞሮኮ መሄድ አላስፈለጋቸውም፦ ሆድን በጎመን ቢደልሉት ጉልበት በዳገት ይለግማል። ተረቱ የተተረተው ስለ ሆድ ነው፤ ልብም ግን በጎመን የተደለለ ቀን ዳገት አትወጣም።

ይህን ሁሉ ያስጻፈን ግን ማኪያቶው አይደለም። አንዲት የሰፈራችን ልጅ አለች፤ አብረን ነው ያደግነው። ሥራዋን ካጣች በኋላ በጠራናት ቁጥር ራሷን ያማት ጀመር። ቅዳሜ ራሷን ያማታል፣ እሑድ ራሷን ያማታል፣ የልደት ቀን ራሷን ያማታል። ስድስት ወር ገደማ ሲሆን «ኮራች» አልን፣ መጥራት ቀነስን። በኋላ ነው የገባን፦ ስንገናኝ ሒሳቡን እኩል እንካፈል ነበር። ምን እንደታዘዘ ሳይታይ ለሰው ይከፈልና በቴሌብር ይላካል። እሷ ደግሞ ሻይ ብቻ አዝዛ የሌላውን በርገር ላለመካፈልም፣ «ገንዘብ የለኝም» ብላ ላለመናገርም፣ መቅረትን መረጠች። ለይሉኝታ ብላ ስድስት ወር ያለ ጓደኛ ኖረች! ያለ ገንዘብ መሆኑ ሳያንስ።

እንደ እሷ ያለ ስንት ሰው አለ በየቤቱ፣ ራሱን የሚያመው? የኑሮ ውድነት ሲባል ሁሉም የሚያወራው ስለ ሊትርና ስለ ኩንታል ነው። ቺስታ የሆነ ሰው መጀመሪያ የሚቀንሰው ግን ዘይት አይደለም፤ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ብቸኝነት በየትኛውም የዋጋ ግሽበት ሪፖርት ላይ አይወጣም። ለዚህ ነው «ማኪያቶውን ተዉት» የሚለው ምክር የሚያንገበግበን። ማኪያቶውን ትቶ ጓደኛውን ማቆየት የሚችል ካለ መንገዱን ያሳየን።

ከዚያ ወዲህ እኛ ቡድን ውስጥ አንድ ደንብ ገብቷል። ገና ሳንገናኝ እያንዳንዳችን ያለንን እንናገራለን። «እኔ ዛሬ መቶ ሃያ አለኝ።» «እኔ አርባ።» «እኔ የታክሲ ብቻ።» ቁጥሩ እንደ ሰላምታ ነው፤ ማንም «ውይ!» አይልም፣ ማንም «እኔ እችልሻለሁ» ብሎ ጀግና አይሆንም። ቦታው የሚመረጠው በትንሹ ቁጥር ነው። ትንሹ ቁጥር «የታክሲ ብቻ» ከሆነ በእግር እንሄዳለን፤ በ2016 የተጀመረው የኮሪደር ልማት ቢያንስ ሰፊ የእግረኛ መንገድና መቀመጫ ትቶልናል። (ጥግ ጥጉ ላይ ቡና ያፈሉልን የነበሩት ሴቶች በብዙ ቦታ አብረው መነሣታቸው ግን ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ አንዷ የእኛ ኮልፌ ባለጀበና በር ዘግታ ግቢ ውስጥ ታፈላልናለች፣ አድራሻ አንሰጥም።) ሒሳብ ስንከፍል ሁሉም የጠጣውን ይከፍላል። መጀመሪያ አፍሯት የነበረችው ያቺ ጓደኛችን አሁን ቁጥሯን ከሁላችን ቀድማ ነው የምትልከው፤ ባለፈው «ሰባት ብር ከሃምሳ» ብላ ልካ ሳቅ ገደለን።

ለዘመዶቻችን ያለን ጥያቄ ከዚህም ያነሰ ነው። ስንት አወጣችሁ ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት ስንት ገባላችሁ ብላችሁ ጠይቁን። መልሱን ሰምታችሁ ካበቃችሁ በኋላ ምክር ከተረፋችሁ እንሰማለን። ነሐሴ ላይ 18 ማዞሪያ ጋ በቆሎ እየጋጥን ካገኛችሁን ደግሞ ሰላምታ ይበቃናል፤ ባይሆን እሸቷን ጠባሽዋን «አንድ ጨምሪላቸው» ብላችሁ እለፉ።